የባለሙያዋ እጅ ምን ይሠራል? ፒኤንኤፍና የስትሮክ ታማሚዎቻችን

ጎንደር ውስጥ ስትሮክ የመታው ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። "ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል" ሲባል ታዲያ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ማሸት ነው። ቅባት ይቀባል፣ እጅ እግሩ ይጎተታል፣ ጅማቱ ይፍታታል፣ ሰውየው ተነስቶ ይሄዳል። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ከድሮም የምናውቀው ወጌሻን ነው። ወጌሻ ቤት ታማሚው ይተኛል፣ የሚለፋው ወጌሻው ነው።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ባለሙያዋ ትገፋለች፣ ታማሚው አልነቃነቅም ይላል። እሷ ትይዛለች፣ እሱ ይታገላል። አስታማሚው ጥግ ላይ ቆሞ "ኧረ በሽተኛ እኮ ነው፣ ምን ታታግዪዋለሽ?" ይላል። ሕክምናው ግን ትግሉ ነው። ታማሚው ካልለፋ የባለሙያዋ እጅ ብቻውን የትም አያደርስም።

ይህ ትግል ስም አለው። ሙሉ ስሙ ፕሮፕሪዮሴፕቲቭ ኒውሮመስኩላር ፋሲሊቴሽን ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ስለሚሰለቻቸው ፒኤንኤፍ ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበል። ሐሳቡ ከስሙ ይቀላል። ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ለአንጎል ወሬ የሚያደርሱ የነርቭ ጫፎች አሉ። ዐይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በእነሱ ነው። መብራት ጠፍቶ እራት ስንበላ ጉርሻው አፍንጫችን ውስጥ የማይገባውም በእነሱ ነው። ፒኤንኤፍ እነዚህን ወሬ አድራሾች ሆን ብሎ ይቀሰቅሳል። በመንካት፣ በመቃወም፣ ጡንቻውን በፍጥነት ትንሽ በመለጠጥ፣ መገጣጠሚያውን በመጫን ወይም ቀስ አድርጎ በመሳብ፣ በድምፅ፣ በዐይንም ጭምር። የደከመው ጡንቻ ለአንድ ትእዛዝ እምቢ ካለ ትእዛዙ ከብዙ አቅጣጫ ተደራርቦ ይድረሰው ነው ነገሩ።

ሌላው መለያው እንቅስቃሴው ሰያፍ መሆኑ ነው። በጂም ውስጥ እንደምናየው እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን አይሄድም። ነጠላ ስናጣፋ ምን እንደምናደርግ ልብ እንበል። ቀኝ እጃችን ጫፉን ይዞ ከቀኝ ዳሌያችን አጠገብ ይነሳል። ደረታችንን ያቋርጣል። ግራ ትከሻችን ላይ ይጥለዋል። በመንገዱ ላይ ክንዱ ይዞራል፣ መዳፉም ወደ ፊታችን ይመለሳል። መነሳት፣ ማቋረጥና መዞር በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ከፒኤንኤፍ የእጅ መስመሮች አንዱ ይኸው ራሱ ነው። ለእያንዳንዱ እጅና እግር ሁለት ሁለት ሰያፍ መስመር አለ፣ እያንዳንዱም መሄጃና መመለሻ አለው። መጉረስ፣ ፊት መታጠብ፣ ፀጉር ማበጠር፣ እግር አንስቶ ደረጃ መውጣት፣ ሁሉም በእነዚህ መስመሮች ላይ ወይም አጠገባቸው ያልፋሉ።

አሁን ጠጋ ብለን እንይ። ቀኝ ጎናቸው የደከመባቸው አንዲት እናት አልጋ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል እንበል። ባለሙያዋ አንድ እጇን መዳፋቸው ውስጥ ታስገባለች፣ ሌላኛውን ክንዳቸው ላይ ታሳርፋለች። አያያዟም ደንብ አለው። ጣቶቿ ዘርጋ ብለው ከሥራቸው ብቻ ታጥፈዋል፣ ጥፍሯ ወይም የጣቷ ጫፍ አይወጋም። የምትነካውም ክንዱ በሚሄድበት በኩል ያለውን ወገን ብቻ ነው። ዙሪያውን ጨምቃ ብትይዝ ሁለቱም ወገን ይነካና ጡንቻው የትኛው እንደተጠራ ይምታታበታል።

"እማማ፣ ዐይንዎ እጅዎ ላይ ይሁን" ትላለች። ከዚያ፣ "ለአሁኑ ዝም ብለው ይልቀቁልኝ፣ እኔ ልውሰደው።" እጁን በሰያፉ መስመር ላይ ታመላልሰዋለች፣ ሳትፈጥንም ሳትዘገይም። ትንሽ ቆይታ "አሁን ትንሽ ያግዙኝ" ትላለች። ቀጥላ "አሁን እርስዎ! ወደ ላይ ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ!" ድምፅዋ ከፍ ይላል። ጉልበት ሲፈለግ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ማረጋጋት ሲፈለግ ዝቅ ይላል። ይህ ዝም ብሎ ልማድ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው። በመጨረሻ እናትየው ሲስቡ እሷ በመዳፏ መቃወም ትጀምራለች። ተቃውሞው እንቅስቃሴውን አያስቆምም፣ አያንቀጠቅጥምም። እንዲያው ጡንቻው ሥራ እንዳለበት እንዲያውቅ የሚያህል ነው። የቡና ስኒ ማንሳት ላቃታቸው እናት ይህ የአንድ ጣት ክብደት ሊሆን ይችላል፣ ለወጣት እግር ኳስ ተጫዋች ደግሞ የሰውነቷን ክብደት ጨምራ መግፋት ሊኖርባት ይችላል። መለኪያው ያለው ባለሙያዋ እጅ ላይ ነው። ይህን በመጽሐፍ መማር አይቻልም ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህ በሰው እጅ ከመንቀሳቀስ ወደ ራስ መቻል የሚሄደው ዘዴ ሪትሚክ ኢኒሺዬሽን ይባላል። ሌሎችም አሉ። እጁ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ የሰነበተና ክርኑ አልዘረጋ ያለ ሰው ሆልድ ሪላክስ የተባለውን ያገኛል። ክርኑ እስከሚችለው ይዘረጋል። ከዚያ "እንዳለ ይያዙት፣ አይግፉኝ፣ እኔም አላንቀሳቅስዎትም" ይባላል። ለጥቂት ሰከንዶች ይታገላሉ። "ይልቀቁ፣ ይተንፍሱ።" ሲለቁ ክርኑ ከቅድሙ ትንሽ አልፎ ይዘረጋል። አይተው የሚገረሙ ብዙ ናቸው። በመጎተት ግማሽ ቀን የሚፈጀው፣ ያውም በእንባ፣ እዚህ በደቂቃዎች ይገኛል።

አንዱን ደግሞ አንባቢው ራሱ ሊሞክረው ይችላል። አሁኑኑ ጡጫዎን በሙሉ ኃይልዎ ይጨብጡ። ክንድዎና ትከሻዎም አብረው ሲወጠሩ ይሰማዎታል። ጠንካራው ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ ሥራው ወደ ሌሎቹ ይፈስሳል። ፒኤንኤፍ ይህንን ይጠቀምበታል። ደህናውን እግር በርትቶ እንዲገፋ በማድረግ የደከመውን ወገን መቀስቀስ ይሞክራል። ታማሚው "ኧረ የታመመው ያኛው ነው!" ቢል አይፈረድበትም።

የዚህ ሁሉ ምንጭ እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ቻርለስ ሼሪንግተን ነው። አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው እንደሚላላ፣ የአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እንደሚፈስስ ያሳየው እሱ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ወደ ታማሚ አልጋ ያመጣው ግን ኸርማን ካባት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ1940ዎቹ። ጊዜው ፖሊዮ አሜሪካን ያሸበረበት ነበር። ሄንሪ ካይዘር የሚባለው የመርከብ ሥራ ባለሀብት ልጁ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ይዞት ነበርና ካባት ካከመው በኋላ ገንዘቡን አፈሰሰ። በ1946 በሁለቱ ስም የተጠራ ተቋም ተከፈተ። ማርጋሬት ኖት የተባለች ፊዚዮቴራፒስት ተቀላቀለች፣ ኋላም ዶሮቲ ቮስ። የመጀመሪያውን መማሪያ መጽሐፍ በ1956 ያሳተሙት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ዛሬ በብዙ አገሮች ፊዚዮቴራፒ የሚማሩ ሰዎች እነዚያን ሰያፍ መስመሮች ይማራሉ።

ታዲያ ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ነገሩ ሁለት መልስ አለው።

ለደረቀ መገጣጠሚያና ለአጠረ ጡንቻ፣ አዎ። የመዘርጋት አቅምን እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ለምን እንደሚሠራ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ተለውጧል። ድሮ ጅማት ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ጡንቻውን አስገድደው ያላሉታል ይባል ነበር። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚሉት ሰውየው መለጠጡን የመቻል አቅሙ ጨመረ ነው። ዘዴው ቆመ፣ ምክንያቱ ተቀየረ። በሕክምና ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለስትሮክ ግን መልሱ ጠንቀቅ ያለ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ያወጣው አንድ ትልቅ ግምገማ 96 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ታማሚዎችን አንድ ላይ አየ። ድምዳሜው ፊዚዮቴራፒ ካለማግኘት ማግኘት ይሻላል፣ በዘዴዎቹ መካከል ግን ይኼኛው ከዚያኛው ይበልጣል የሚያሰኝ ነገር የለም የሚል ነበር። ለውጥ ያመጣ የመሰለው መጠኑ ነው፦ በቀን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ፒኤንኤፍ ይሁን፣ ቦባዝ የሚባለው ሌላ የፊዚዮቴራፒ ዘዴ ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ አንዱን ብቻ እንደ ሃይማኖት ይዞ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ባለሙያው እንደ ታማሚው ሁኔታ ከየዘዴው መርጦ ቢያጣምር ይሻላል።

መጠን ሲባል ደግሞ ደቂቃ ብቻ አይደለም። አንጎል የሚማረው በመደጋገም ነው፣ ያውም ሰውየው ኑሮው ላይ የሚያስፈልገውን ራሱን ሥራ በመደጋገም። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን የቆጠሩ ተመራማሪዎች የደከመው እጅ ሥራ በተለማመደባቸው ክፍለ ጊዜዎች ድግግሞሹ በአማካይ 32 ብቻ መሆኑን አገኙ። የላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የአንጎል ለውጥ ያሳዩት ጥናቶች የሚያስደግሙት በመቶዎች ነው። መሣሪያውም ባለሙያውም በሞላበት አገር 32 ከሆነ እኛ ጋ ስንት ሊሆን ነው?

እኛ ጋ ስንመጣ ነገሩ የዘዴ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የመንገድ ጥያቄ ይሆናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታማሚ የሚቀበለው ከማራኪና ከአዘዞ ብቻ አይደለም። ከደባርቅ፣ ከቆላ ድባ፣ ከመተማ ጭምር ነው። የተመላላሽ ቀጠሮ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ቢባል፣ ከደባርቅ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመጣ ሰው የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውን፣ የአስታማሚውን ወጪ ችሎ ስንት ሳምንት ይዘልቃል? በዚያ ላይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ሲከፈትም ሰው ይሰጋል። ከተማ ውስጥ ያለውም ቢሆን አልጋ ላይ የዋለ አባቱን ደግፎ ዳገት አውርዶ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት አለበት። ጎንደር ሜዳ አይደለችም።

ባለሙያ ደግሞ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሰው ከ10 ያነሰ የተሐድሶ ሕክምና፣ ማለትም እንደ ፊዚዮቴራፒ ያለ የደከመ አቅምን የሚመልስ ሕክምና፣ ባለሙያ እንዳለ ይገልጻል። በዓለም ላይ ከተሐድሶ ሕክምና ሊጠቀም የሚችለው ሰው 2.4 ቢሊዮን ነው ይላል። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ ተሐድሶ የጤና ሥርዓቱ አካል ይሁን የሚል ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ጥሩ ነው። ደባርቅ ድረስ ግን በራሱ አይሄድም።

ጎንደር ከሌሎች ከተሞቻችን የተሻለ መነሻ አላት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ያ የቡድን ሥልጠና ዛሬም ድረስ የጎንደር መታወቂያ ነው። ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ በማስተማርም ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ ውስጥ ናት። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳትና በተሐድሶ ላይ ያተኮረ የረጅም ጊዜ ትብብር ጀመረች። ታማሚ የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያለማምደው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም የዚሁ ትብብር አካል ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ እውቀት ከግቢው አጥር ሲወጣ ታማሚውን ተከትሎ ቤቱ ድረስ አለመሄዱ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይሄዳሉ። የደከመ ክንድ እንዴት እንደሚደገፍ፣ ታማሚ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ፣ ከመቀመጫ እንዴት እንደሚነሳ ማስተማር ለእነሱ የሚከብድ አይደለም። ፒኤንኤፍን በሙሉ ይማሩ ማለቴ አይደለም።

ቤት ውስጥ ሊሆን የሚችለውና የማይችለው መለየት አለበት። የተመጠነ ተቃውሞና ፈጣን መለጠጥ የባለሙያ ሥራ ነው። አዲስ ስብራት፣ ያልተረጋጋ የደም ግፊት ወይም የሚያስጮህ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ቤተሰብ ትግል መግጠም የለበትም። ሰያፍ መስመሩን ግን ቤት መውሰድ ይቻላል። ባዶ ስኒ ከቀኝ ዳሌ አጠገብ ካለ በርጩማ ላይ አንስቶ በግራ በኩል ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ነጠላ ማጣፋትና ማውረድ። የደከመው እጅ ብቻውን ካልቻለ በደህናው እጅ ይዞ ማስኬድ፣ ዐይን እጁን እየተከተለ። እየቆጠሩ ይሥሩ፣ ድምፅ አውጥተው። መቁጠሩ ሁለት ጥቅም አለው፦ ድግግሞሹ ይታወቃል፣ ትንፋሽም አይታፈንም። ትንፋሽ አፍኖ መታገል ደም ግፊትን ሽቅብ ይሰዳል፣ ከመጀመሪያውም ለስትሮኩ ዋናው መንስኤ ብዙ ጊዜ ደም ግፊት ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ። የደከመውን ክንድ ይዞ ታማሚን ከአልጋ መጎተት። ትከሻ በቦታው የሚቆየው በአብዛኛው በጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲደክም አጥንቱ ከጎድጓዳው ወረድ ይላል። ያኔ ልጅ እናቱን በፍቅር "ተነሽ እስቲ" ብሎ እጇን ሲስባት የሚተርፈው ለወራት የሚያሰቃይ ሕመም ነው። በዚህ የተነሳ እጃቸውን መለማመድ የሚተዉ አሉ። ሲያነሱ ከወገብ ወይም ከትከሻ ጀርባ ነው የሚደገፈው። ወጌሻ ጋ ሲኬድም ያ ክንድ እንዳይጎተት መናገር ያስፈልጋል። ስብራትና ውልቃት ላይ ስማቸው የተጠራ ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም፣ የስትሮክ ክንድ ግን የወለቀ ክንድ አይደለም።

ጠበልን በተመለከተ፣ ጠበሉና ሕክምናው አይጣሉም። ችግሩ ጊዜው ነው። ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውነት በብዛት የሚመለስባቸው ናቸው። ጠበል ቦታ ሁለት ወር የሚቀመጥ ሰው እዚያው ሆኖ ልምምዱን ሊቀጥል ይችላል፣ ማንም አይከለክለውም። መቋሚያውን እንኳ እንደ ምርኩዝ መጠቀም ይቻላል፣ በደህናው እጅ እስከተያዘ ድረስ። ብዙ ሰው በደከመው በኩል ሊያስይዝ ይሞክራል፣ ትክክል አይደለም። ቶሎ ይጀመር ሲባል ደግሞ በዚያው ሌሊት ማለት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ2,000 በላይ ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታማሚን በብዛት ከአልጋ ማስነሳት ከተለመደው እንክብካቤ ያነሰ ውጤት እንዳመጣ አሳይቷል። ጊዜውን ሐኪሙ ይወስን።

ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት ቤተሰብ ባለሙያውን የሚጠይቀው "መቼ እንመለስ?" ብቻ ባይሆን ጥሩ ነው። "የትኛውን እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ፣ በቀን ስንቴ? ምን ስናይ እናቁም?" ይበሉ። ታማሚው ከፈቀደ ልምምዱን በስልክ ይቅረጹት። ሲያስተምሩም የሚማረው ሰው ማን እንደሆነ ይታሰብበት። ብዙ ጊዜ ቀርቦ የሚያዳምጠው መኪና ይዞ የመጣው፣ ነገ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ልጅ ነው። ቤት ውላ የምታነሳቸው፣ የምታለብሳቸው፣ የምታጎርሳቸው ልጅ ወይም ሠራተኛ ደግሞ ፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወደ ውስጥ መጠራት ያለባት እሷ ናት።